ኢቫን ፓቭሎቭና የኮልቱሺ ቡችሎች

የመምህርነት ትምህርት ተምሮ የኢቫን ፓቭሎቭን ስም ሳይሰማ የቀረ ሰው ይገኛል ብዬ አላምንም። ይሁን እንጂ ከስሙ ጋር ተያይዞ የሚታወሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ደወል ተደወለ፥ ውሻውም ምራቁን አዝረበረበ የሚለው ነው። ተማሪው ይህን በፈተና ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ መምህሩም ትክክል ብሎ ያርማል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ይረሱታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከደወሉ ባሻገር ያለውን ሰው ማሳየት ነው። በተለይም ይህ ሊቅ ዕድሜው ሰማንያ ካለፈ በኋላ፥ ስለ ፈሪ ውሾች ለብዙ ዘመን ይዞት የቈየውን ፍርድ እንዴት እንደ ለወጠ ማወቅ፥ ሰውን ለማሳደግ ለተመደበ ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ ከሌላው ታሪኩ ይልቅ በዚያ ላይ እንቈያለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጕዳዩን ለማንሣት ሌላም ምክንያት አለ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በናይሮቢ ከተማ፥ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች በሚኖሩበት በኪሊማኒ ሰፈር ነው። ኪሊማኒ ማለት በስዋሂሊ ቋንቋ በኮረብታው ላይ እንደ ማለት ነው። በዚህ ሰፈር ከአጥሩ በር ላይ ምብዋ ካሊ፥ ማለት ኀይለኛ ውሻ አለ፥ የሚል ሰሌዳ የተለጠፈበት ግቢ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ኀይለኛ የተባለውን ውሻ ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ሰው፥ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጅራቱን በጭኑ መካከል ሸጕጦ፥ ወደ ኋላው እያፈገፈገ የሚጮኽ ፈሪ ውሻ ነው። ፈሪ ውሻ ፈሪ ሆኖ ተወለደ ወይስ ፈሪ ተደረገ? ፓቭሎቭ በመጨረሻ ዘመኑ የገጠመው ጥያቄ ይህ ነበረ።

ኢቫን ፔትሮቪች ፓቭሎቭ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1849 ከሞስኮ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በራያዛን ከተማ ተወለደ። አባቱ ፒዮትር የደብር ቄስ፥ እናቱ ቫርቫራም የቄስ ልጅ ነበረች። በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ ፊደል ቈጥሮ፥ ዳዊት ደግሞ፥ ዲቁና ተቀብሎ በአባቱ እግር የሚተካ ልጅ ነበር ማለት ነው። በራያዛንም የተጠበቀው ይኸው ነበረ። ነገር ግን ገና ሕፃን ሳለ ከከፍታ ላይ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ወድቆ ክፉኛ ስለ ተጐዳ፥ ጤናው ለብዙ ጊዜ ሳይመለስ ቀረ። የክርስትና አባቱ የገዳም አበ ምኔት ስለ ነበሩ ወደ ገዳማቸው ወሰዱት፤ በዚያም እየሠራ፥ እየተጫወተና እያነበበ ሰውነቱ ጠና። ትምህርት ቤት የገባው በ11 ዓመቱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶት ከጀማሪዎች ጋር የሚቀመጠውን ልጅ በምን ዓይን እንደምናየው እያንዳንዳችን እናውቃለን።

ከቤተ ክህነቱ ትምህርት ቤት ወደ ሴሚናሪው ተሻገረ። በዚያ ዘመን የሩስያ ወጣቶች ስለ ተፈጥሮ ጥናት የሚጻፈውን ሁሉ እየተሻሙ የሚያነብቡበት ጊዜ ነበረ። ኢቫን ሴቼኖቭ የተባለው ሊቅ በ1863 ስለ አንጐል የጻፈው ጥናት በወጣቱ ልብ ውስጥ ጠልቆ ገባ። በ1870 ክህነቱን ትቶ ወደ ቅዱስ ፒተርስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ የሕያዋንን አካል አሠራር የሚመረምረውን ፊዚዮሎጂ የተባለውን ትምህርትም መረጠ። በተፈጥሮው ግራኝ ስለ ነበር በሁለቱም እጆቹ መሥራትን ተለማመደ፤ ኋላም ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ ባጠገቡ የቆሙት ሰዎች ቢላዋው በየትኛው እጁ እንዳለ ለመከታተል ይቸገሩ ነበር ይባላል።

በ1881 ሴራፊማ ካርቼቭስካያ የምትባል የመምህርነትን ትምህርት የተማረች ልጃገረድ አገባ። ከጋብቻው በፊት እርሷ በገጠር ለማስተማር ስትሄድ ለመንገዷ አዲስ ጫማ እንደ ገዛላት፥ ከደረሰችበት ቦታ ጓዟን ስትፈታም አንዱን እግር ብቻ እንዳገኘች፥ ሁለተኛውን እርሱ ለመታሰቢያ ብሎ በጠረጴዛው ላይ እንዳስቀረው ይተረካል። የገጠር መምህርት በአንድ እግር ጫማ ምን እንደምታደርግ አላሰበበትም። ከጋብቻውም በኋላ ኑሮአቸው ድህነት የተጫነው ነበረ፤ የበኵር ልጃቸውም በሕፃንነቱ ሞተባቸው። ተማሪዎቹ ችግሩን አይተው ለትምህርቱ ዋጋ አስመስለው ገንዘብ ቢያዋጡለት፥ እርሱ ገንዘቡን ለምርመራ የሚሆኑ እንስሳት ገዛበት። ለዚህ ሰው ኑሮን ያሟላችለት ሴራፊማ እንደ ሆነች መናገር ተገቢ ነው፤ ባሏ ስለ ደመወዙም ሆነ ስለ ልብሱ የሚያስብ ሰው አልነበረም።

በ1883 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ በጀርመን አገር ሁለት ዓመት ያህል ከታላላቅ ሊቃውንት ዘንድ ሠራ፤ በ1890 በጦር ሠራዊቱ የሕክምና አካዳሚ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1891ም በአዲሱ የሙከራ ሕክምና ኢንስቲትዩት የፊዚዮሎጂ ክፍል ተሰጠው። እዚህ ላይ ፈጥነን እንለፍ፤ የምግብን መፈጨት በሚመለከት ያደረገው ጥናት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይፈልጋል። ከሌሎቹ የሚለየው ሐሳብ ግን ይህ ነው። በዘመኑ የነበሩት ተመራማሪዎች እንስሳውን በገበታ ላይ አስረው፥ ቀድደው፥ በጣር ላይ ሳለ የሚያዩትን ይመዘግቡ ነበር። ፓቭሎቭ ግን በጣር ላይ ያለ አካል ስለ ጤነኛ አካል እውነተኛ ምስክር ሊሆን አይችልም አለ። ስለዚህ ውሻውን በንጹሕ ቀዶ ሕክምና አዘጋጅቶ፥ ቍስሉ እስኪድን ጠብቆ፥ ከዚያ በኋላ እየበላና እየተመላለሰ ለዓመታት ያጠናው ነበር። በ1894 ድሩዥክ በተባለ ውሻ ላይ ከሆዱ ትንሽ ኪስ ከነነርቩ ለይቶ ለማውጣት ቻለ። ድሩዥክ ማለት ወዳጄ እንደ ማለት ነው። በዚህ ሥራው በ1904 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ፤ ከሩስያ ሰዎችም የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆነ።

ስለ ውሾቹ ሲነገር አንድ ነገር መሸሸግ አይገባም። በእነዚህ ቤቶች ብዙ ውሾች ታመዋል፥ ሞተዋልም፤ በዛሬው ሕግ የማይፈቀድ ብዙ ነገር ተሠርቷል። ፓቭሎቭም ቢሆን ገራም ሰው አልነበረም፤ ረዳቶቹ ቍጣውን ይፈሩት ነበር። ስለዚህ የርኅራኄ አባት አድርገን ልናቀርበው አንችልም። ለእኛ የሚጠቅመው ርኅራኄው ሳይሆን፥ ያየውን ነገር ለራሱ ሐሳብ ሲል አለመካዱ ነው።

ሽልማቱን ሲቀበል አሳቡ አስቀድሞ ወደ ሌላ ነገር ዞሮ ነበር። በምግብ ጥናቱ ጊዜ ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይደርስ፥ ዕቃውን ሲያዩ ወይም የመጋቢውን ኮቴ ሲሰሙ ምራቃቸው ይፈስስ ነበር። ሌላው ሰው ይህን ሥራን የሚያበላሽ እንከን ብሎ ይተወው ነበር። ፓቭሎቭ ግን ከአምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ ስሙን የተከለበትን ጥናት ትቶ እንከኑን ተከተለ፤ በ1903 በማድሪድ በተደረገው የሕክምና ጉባኤም አዲሱን መንገድ አስታወቀ። ምግብ አፍ ውስጥ ሲገባ የሚመጣውን ምራቅ የተፈጥሮ ምላሽ አለው፤ ምልክትን ተከትሎ የሚመጣውን ደግሞ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ምላሽ አለው። ምልክቱ ደወል ብቻ አልነበረም፤ የሙዚቃ ተማሪዎች የሚጠቀሙበት ሜትሮኖም፥ መብራት፥ ቆዳን የሚነካካ መሣሪያ፥ ሁሉም ነበሩበት። ከምልክቱ በኋላ የሚሰጠውንም ምግብ ማጠናከሪያ ብሎ ጠራው። ምግቡ ሲቀር ምልክቱ ቀስ በቀስ ኀይሉን ያጣል። ማጠናከሪያ የሚለው ቃል ዛሬ በየትምህርት መጽሐፉ ሲነበብ ከእነዚያ የውሻ ክፍሎች የወጣ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ከብዙዎቹ ሙከራዎች መካከል ሦስቱን እንመልከት፤ ሦስቱም ወደ ማስተማር ይቀርባሉና።

የመጀመሪያው በ1917 የተገለጸው ነው። አንድ ውሻ ከሰው ጋር እጅግ ተግባቢ ሆኖ ሳለ፥ በመቆሚያው ላይ በጠፍር ሲታሰር ግን አይቆምም፤ ይታገላል፥ ማሰሪያውን ይነክሳል፥ ምራቁም ያለ ምክንያት ይፈስሳል። ፓቭሎቭ ይህን የነጻነት ምላሽ ብሎ ሰየመው። በጅራፍ አላስገደደውም፤ ምግቡን ሁሉ በዚያው በመቆሚያው ላይ ብቻ እንዲሰጠው አደረገ። ውሻው በመጀመሪያ እምቢ ብሎ ከሳ፤ ወራት ካለፉ በኋላ ግን ቦታውን ወደደው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላል ያገራችን ሰው፤ ተረቱ ብዙውን ጊዜ ለነቀፋ ይነገራል እንጂ በውስጡ ያለው ነገር እውነተኛ ነው። እንስሳ መልካም ነገር ያገኘበትን ቦታ ይጠብቃል፥ ይወድዳልም።

ሁለተኛው የሮፌየቫ የተባለችው ረዳቱ ያደረገችው ነው። በውሻው ቆዳ ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት አድርጋ ወዲያው ምግብ ትሰጠው ጀመር። ከብዙ ድግግሞሽ በኋላ ውሻው ንዝረቱ ሲመጣ መሸሽና መጮኽ ትቶ ምራቁን እያዘራ ወደ ምግቡ ዞረ። ሕመሙ የምግብ ምልክት ሆነ። ንዝረቱ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሲዛወር ግን የተገነባው ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈረሰ፤ ውሻው ጮኸ፥ ታገለ። ስለዚህ በሕመም ላይ የተገነባ ዝምታ ምን ያህል እንደሚጸና ከዚህ ይታያል።

ሦስተኛው ከጦርነቱ ዘመን ጥቂት ቀደም ብሎ ሸንገር ክረስቶቭኒኮቫ የሠራችው ነው። ለውሻው በመጋረጃ ላይ የብርሃን ክብ ሲታይ ምግብ ይሰጠዋል፤ ሞላላ ቅርጽ ሲታይ ግን አይሰጠውም። በመጀመሪያ ሞላላው ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ ስለ ነበር ውሻው ሁለቱን በቀላሉ ለየ። ከዚያ በኋላ ሞላላው ቀስ በቀስ ወደ ክብ ተጠጋ፤ ርዝመቱና ወርዱ 9 ለ8 በሆኑ ጊዜ ውሻው ለጥቂት ጊዜ ሞከረ። ሦስት ሳምንት ያህል ከሠሩበት በኋላ መለየቱ እየተሻሻለ በመሄድ ፈንታ እየከፋ ሄደ፤ በመጨረሻም ጨርሶ ጠፋ። ጸጥተኛ የነበረው እንስሳ ይጮኽ፥ ይንፈራገጥና መሣሪያውን በጥርሱ ይበጣጥስ ጀመር። አሁን ወደ ቀላሉ ጥያቄ ቢመልሱት እንኳ መልሱ ጠፍቶበታል። እዚህ ላይ የመታው ሰው የለም፤ የቀጣውም የለም። የተደረገበት ነገር ከችሎታው በላይ የሆነ ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቁ ብቻ ነው። አስቀድሞ ያውቀው የነበረውን ትምህርት በፈተና ቀን የሚጠፋበትን፥ ወንበር የሚገለብጠውን ልጅ ያየ መምህር፥ ባለጌ ነው ብሎ ከመጻፉ በፊት ይህን ውሻ ቢያስታውስ መልካም ነው።

እስከዚህ ያየናቸው ሙከራዎች ምልክትን ከምግብ ጋር ማያያዝን የሚመለከቱ ናቸው። እንስሳው ራሱ አንድ ነገር ሠርቶ ዋጋውን የሚቀበልበትን መንገድ በሙከራ አስቀድሞ ያሳየው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ነው። እርሱ በ1898 ድመቶችን፥ ውሾችንና ጫጩቶችን በሳጥን ዘግቶ፥ ከሳጥኑ የመውጫውን ዘዴ እንዴት እንደሚማሩ ገለጸ፤ ከ1899 ጀምሮም በኮሎምቢያ የመምህራን ኮሌጅ መምህራንን ሲያስተምር ኖረ። ፓቭሎቭ ቶርንዳይክ እንደ ቀደመው በጽሑፉ ሳይሸሽግ መስክሯል። ቶርንዳይክ ራሱ ደግሞ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሐሳቡን አርሞ፥ ሽልማት ምላሹን እንደሚያጠናክር፥ ቅጣት ግን በዚያው ልክ እንደማያጠፋ ገለጸ። በ1928 ኮኖርስኪና ሚለር የተባሉ ሁለት የዋርሶ የሕክምና ተማሪዎች የውሻን እግር በእጃቸው እያነሡ ምግብ ቢሰጡት፥ ውሻው በኋላ እግሩን በገዛ ፈቃዱ እያነሣ ምግብ እንደሚጠይቅ አዩ። ፓቭሎቭም ሥራቸውን በጥሞና ተመለከተ፤ ኮኖርስኪ ከ1931 እስከ 1933 በእርሱ ዘንድ እየሠራ ቈየ። ዛሬ ውሻን ያለ ዱላ የሚያስተምሩ ሰዎች የሚከተሉት መንገድ በእነዚህ ሰዎች ሥራ ላይ የቆመ ነው፤ እንስሳው የተፈለገውን ነገር ባደረገ ቅጽበት፥ ሳይዘገይ፥ የሚወደውን መስጠት ነው።

በ1917 አብዮቱ መጣ። ረኃቡ ሰውንም ውሻንም አልማረም፤ ሊቁ በኢንስቲትዩቱ ግቢ ድንችና ጎመን እየቈፈረ ቤተ ሰቡን መገበ፥ ውሾቹም በረኃብ አለቁ። በጃንዋሪ 1921 ሌኒን ፓቭሎቭ ልዩ እንክብካቤና ተጨማሪ ቀለብ እንዲያገኝ አዘዘ፤ እርሱ ግን የሥራ ባልደረቦቹ ሳይበሉ ብቻውን ተለይቶ ለመብላት አልፈቀደም። መንግሥቱንም በግልጽ ይነቅፍ ነበር። በ1924 የቄስ ልጆች ናቸው ተብለው ተማሪዎች ከአካዳሚው ሲባረሩ፥ እርሱም የቄስ ልጅ መሆኑን አስታውቆ ከ1895 ጀምሮ የያዘውን የፊዚዮሎጂ ወንበር ለቀቀ። የብዙ ዘመን ሥራውን ከማያውቃቸው ወጣቶች ዕጣ ጋር አስተካክሎ መልቀቁ፥ በእኔ ግምት ከኖቤል ሽልማቱ የማያንስ ነገር ነው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 23 ቀን የኔቫ ወንዝ ሞልቶ ሌኒንግራድን አጥለቀለቀ። የውሾቹ ማደሪያ በውኃ ተሞልቶ እንስሳቱ አፍንጫቸውን ወደ ጣራው አስጠግተው ሲዋኙ ተገኙ፤ በሩ ከውኃው በታች ስለ ነበር ሠራተኞቹ አንድ በአንድ እያጠለቁ አወጧቸው። ውሾቹ ዳኑ፤ ነገር ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹ የተማሩትን ሁሉ ረሱ። ረዳቱ ስፔራንስኪ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ያየው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ውሻው ለብቻው ተዘግቶ ሲፈተን ምንም አይመልስም፤ የሚያውቀው ሰው አብሮት በክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ትምህርቱ ይመለሳል። ከወራት በኋላ እንኳ ጥቂት ውኃ በበሩ ሥር ሲፈስስ ሕመሙ ተቀሰቀሰ።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳያችን ደረስን። ፓቭሎቭ ውሾቹን በጠባያቸው ከአራት ይከፍላቸው ነበር፤ ክፍፍሉንም ከጥንታዊው ከሂጶክራጥስ ትምህርት ጋር አዛመደው። ከአራቱ አንደኛው ደካማ የተባለው ነው። በማያውቀው ክፍል ውስጥ ሲገባ ከግድግዳ ተጠግቶ የሚሄድ፥ እጅ ሲነሣ በደረቱ የሚተኛ፥ ለትንሹም ድምፅ የሚሸማቀቅ ውሻ ሁሉ በዚህ ክፍል ተመዘገበ። ደካማነት ደግሞ የነርቭ ተፈጥሮ ነው፤ ከእናት ማሕፀን ይመጣል ተብሎ ታመነ። ይህ ፍርድ ለብዙ ዓመታት ጸንቶ ቈየ።

ከሌኒንግራድ አጠገብ ኮልቱሺ በምትባል መንደር መንግሥት ለፓቭሎቭ ሰፊ የምርምር ጣቢያ ሠራለት። በዚያም የዘርንና የአስተዳደግን ጕዳይ ለመመርመር ተነሣ፤ በግቢውም የዴካርትን፥ የሜንዴልንና የሴቼኖቭን ሐውልት አቆመ። ሜንዴል የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው መነኵሴ እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ስለዚህ ፓቭሎቭ ወደ ኮልቱሺ የመጣው ዘርን ለመካድ አልነበረም። ሙከራው ግን ያልጠበቀውን ነገር አሳየው። ቪርዥኮቭስኪና ማዮሮቭ የተባሉት ረዳቶቹ ከአንድ እናት የተወለዱትን ቡችሎች ከሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ በጣቢያው ግቢ እንደ ልባቸው እየሮጡ፥ ከሰዎችና ከሌሎች እንስሳት ጋር እየተቀላቀሉ፥ እየወደቁ እየተነሡ አደጉ። ግማሾቹ ከተወለዱ ጀምሮ በጎጆ ውስጥ ተዘጉ፤ ምግባቸው አልጐደለም፥ የመታቸውም የለም፤ ዓለምን ግን አላዩም።

ካደጉ በኋላ ውጤቱ ታየ፤ በ1933ም ተገለጸ። በነጻነት ያደጉት እንደ ማንኛውም ውሻ ነበሩ። ተዘግተው ያደጉት ግን አዲስ ነገር ባዩ ቍጥር ይንቀጠቀጣሉ፥ ከመሬት ይጣበቃሉ፥ ማምለጫ ይፈልጋሉ። ልማዱም በጊዜ ብዛት አለቀቃቸውም። ወንድማማቾች ስለ ሆኑ ልዩነቱን ለዘር መስጠት አልተቻለም። ከዚህም በላይ ነርቫቸው በፓቭሎቭ በራሱ መለኪያ ሲመረመር ከፈሪዎቹ መካከል ብርቱ የሆነ ተገኘ። እንግዲህ ፈሪ መሆንና ደካማ መሆን አንድ አይደሉም። ፓቭሎቭ ነገሩን እንደሚከተለው ተረዳው። ማንኛውም ቡችላ ገና ሲጀምር አዲሱን ነገር ሁሉ ይፈራል፤ ይህ የሕፃንነት ጥንቃቄ ነው። ቀስ በቀስ ከዓለም ጋር ሲተዋወቅ ፍርሃቱ ይለቅቀዋል። የተዘጋው ቡችላ ግን ለመተዋወቅ ዕድል ስላላገኘ በአካሉ አድጎ በፍርሃቱ ቡችላ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ለብዙ ዓመታት ደካማ ተብለው የተመዘገቡት ውሾች ምን ያህሉ በእውነት ደካሞች፥ ምን ያህሉ ደግሞ ተዘግተው ወይም ተመትተው ያደጉ እንደ ሆኑ ከመዝገቡ ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ከየመንገዱ የመጡ ውሾች ስለ ሆኑ አስተዳደጋቸውን የሚነግር አልነበረምና። በዓለም የታወቀ የ84 ዓመት ሽማግሌ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም። እርሱ ግን በተፈጥሮ የተገኘውን ከአስተዳደግ ከመጣው መለየት እንደሚገባ፥ ፈሪውን ሁሉ በደካማ ክፍል መመደቡም ትክክል እንዳልነበረ በይፋ አስታወቀ።

ፓቭሎቭ ከሞተ በኋላ ሌሎች ሰዎች ጕዳዩን በሳምንት ቈጥረው ወሰኑት። ፍሪድማን፥ ኪንግና ኤልየት የተባሉ አሜሪካውያን በ1961 ባወጡት ጽሑፍ ቡችሎችን ከሰው ርቀው በታጠረ መስክ አሳድገው፥ በልዩ ልዩ ዕድሜ ላይ ለአንድ ሳምንት ብቻ ከሰው ጋር አገናኟቸው። እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ሰው ሳይቀርባቸው የቈዩት እንደ ዱር አውሬ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ የተደረገላቸው እንክብካቤም ብዙ አልጠቀማቸውም። ስኮትና ፉለርም በ1965 ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ሳምንት ያለውን ጊዜ ቡችላ ከሰውና ከዓለም ጋር የሚወዳጅበት ዋና ወራት ነው አሉ፤ የዘር ልዩነት መኖሩንም አልካዱም።

በኪሊማኒም ሆነ በአዲስ አበባ ቡችላ የሚያሳድግ ሰው ይህን ቍጥር ልብ ቢለው ይጠቀማል። ቡችላ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ስምንት ሳምንት ያህል ይሆነዋል፤ እንግዲህ ከመልካሙ ወራት የቀረው ጥቂት ነው። ባለቤቱ ኀይለኛ እንዲሆንለት ብሎ ያን ጊዜ ከግቢው ጀርባ ያስረዋል፤ ወይም ክትባቱ እስኪያልቅ ከማንም አይገናኝ ይላል። ክትባቱ ግድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ በሁለቱም አገሮች ሰው ይገድላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ክትባት ከተሰጠ በኋላ ቡችላውን ታቅፎ መንገዱን ማሳየት፥ ጤናቸው ከታወቀ ውሾች ጋር ማጫወት፥ ሕፃናትን፥ ባለ ምርኵዝ ሽማግሌን፥ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ዘበኛን፥ በመንገድ የሚያልፈውን ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ብስክሌት ከሩቅ ማስተዋወቅ ይቻላል። እያንዳንዱ ሰው ቍራሽ ሥጋ ይስጠው፤ ሲያፈገፍግ አይጐትቱት፤ ቀርቦ ሲያሸት ይሸለም። ሲጠሩት የመጣን ቡችላ ቀደም ብሎ ስላኘከው ጫማ መምታት ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ቡችላው የሚማረው ጫማ አለማኘክን ሳይሆን ሲጠሩት አለመምጣትን ነውና። እንዲህ ያደገ ውሻ ጠባቂ አይሆንም የሚል ሰው ይኖራል። እንግዳውን ከቤተ ሰብ የሚለየው ግን ሰውን ያወቀ ውሻ ነው፤ ፈሪው በሁሉም ላይ ይጮኻል፥ የሚነክሰውም ብዙ ጊዜ የቤቱን ሕፃን ነው።

ፓቭሎቭ እስከ መጨረሻው ድረስ በየረቡዑ ረዳቶቹን እየሰበሰበ ሥራቸውን ይመረምር፥ ይቈጣና ይከራከር ነበር። በበጋው በኮልቱሺ አትክልት ይኰተኵታል፤ ጎሮድኪ የተባለውን በዱላ ውርወራ የሚደረግ የሩስያ ጨዋታ ሲጫወትም ወጣቶቹን ያሸንፍ ነበር። በ1935 ክፉኛ ታምሞ ተነሣ፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የዓለም የፊዚዮሎጂ ሊቃውንት በሌኒንግራድና በሞስኮ ሲሰበሰቡ ጉባኤውን የመራው እርሱ ነው። በዚያው ወራት በእርሱ ፈቃድ በሙከራ ሕክምና ኢንስቲትዩት አትክልት ስፍራ የውሻ ሐውልት ቆመ። ሐውልቱ ዛሬም በዚያው ቦታ ይገኛል።

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1936 በሳንባ ምች በ86 ዓመቱ ዐረፈ፤ በቮልኮቮ መካነ መቃብርም ተቀበረ። በኮልቱሺ የተጀመረው የዘርና የአስተዳደግ ጥናት ገና በጅምር ላይ ነበረ፤ ቡችሎችም በየወቅቱ እየተወለዱ፥ ከሁለት እየተከፈሉ፥ ስማቸው በመዝገብ ይጻፍ ነበር።